የጋዜጣ ምስጋና ለደረሳችሁ ወጣት ድምፃውያን

ልጆቼ፣

የመድረክ ሥራዎችን እያየሁ በጋዜጣ ስጽፍ ጸጉሬ ሸብቷል። ስለዚህ ምስጋና እንዴት እንደሚጻፍ ከጻፊው ወገን ሆኜ ልንገራችሁ። ትርኢቱ ሲያልቅ መሽቷል፤ አዘጋጁ ጽሑፉን እየጠበቀ ነው፤ ዐምዱም ጠባብ ነው። ሐያሲው ለርእስ የሚሆን አንድ ስም ይፈልጋል፤ ከታወቀው ስም ይልቅ ደግሞ አዲሱ ያጓጓዋል። «አዲስ ኮከብ ወጣ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግማሹ ከእናንተ ጉሮሮ፣ ግማሹ ከዚህ ጥድፊያ የመጣ ነው። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ምሽት የሰማ ሰው ስለዚያ ምሽት የሰጠው ምስክርነት ነው፤ ስለ ነገ እንዲናገር አታስገድዱት።

ነገሩ በባሪቶኖች፣ ማለትም መካከለኛ የወንድ ድምፅ ባላቸው ዘፋኞች፣ ላይ ጎልቶ ይታያል። በኦፔራ ፍቅረኛው አብዛኛውን ጊዜ ቴነር፣ ማለትም ቀጭኑ የወንድ ድምፅ፣ ነው፤ ባሪቶኑ አባት ይሆናል፣ ባላንጣ ይሆናል፣ ቀናተኛ ባል ይሆናል። ጭብጨባው ወደ እርሱ ሲዞር ድንገተኛ ስለሚመስል ጩኸቱ ይበዛል። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጃንዋሪ 2 ቀን 1925 በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የጣሊያናዊው አቀናባሪ የቬርዲ ኦፔራ «ፋልስታፍ» ሲታይ ስመ ጥሩው አንቶኒዮ ስኮቲ ዋናውን ሚና ይዞ ነበር። የቀናተኛውን ባል የፎርድን ሚና የያዘው ዘፋኝ ስለታመመ ወጣቱ ሎረንስ ቲቤት ተተካ። ትዕይንቱ ሲያበቃ ታዳሚው ይህ ልጅ ብቻውን ከመጋረጃው ፊት ካልወጣ ትርኢቱ አይቀጥልም ብሎ አዳራሹን አናጋው። ጋዜጦቹም በአንድ ሌሊት ዝነኛ አደረጉት። እኔን የሚያስቀኝ ይህ «አንድ ሌሊት» ነው። ቲቤት ከ1923 ጀምሮ በዚያው የኦፔራ ቤት፣ ማንም ስሙን ሳይጠራው፣ ሲለፋ የነበረ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ፣ ሬዲዮው፣ ኮንሰርቱና ኦፔራው በአንድ ጉሮሮ ላይ ተከመሩ። በ1940 አካባቢ፣ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ድምፁ ይከዳው ጀመር። መንስኤው ምን ነበር በሚለው ላይ ሰዎች ብዙ ተከራክረዋል፤ ያን ሁሉ ሥራ ግን ቀላል የሚለኝ ሰው የለም።

የባሪቶን ድምፅ ዘግይቶ ይበስላል። ዌልሳዊው ብሪን ተርፈል በ1989 በካርዲፉ ዓለም አቀፍ የድምፃውያን ውድድር በፒያኖ የሚታጀቡ የጥበብ ዘፈኖችን (የሊድ) ሽልማት ሲወስድ የ23 ዓመት ልጅ ነበር፤ ጆሮ ያለው ሁሉ አደነቀው። የጀርመናዊውን አቀናባሪ የዋግነርን ታላቅ ሚና፣ የአማልክቱን አለቃ ዎታንን፣ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነው ግን በ2004 መገባደጃ ነው። ምስጋና ባነበባችሁበት ሳምንት ከባድ ሚና እንድትይዙ ስትጠየቁ «ላስብበት» በሉ፤ አስባችሁም ብዙውን ጊዜ እምቢ በሉ።

አሁን ወደምወደው ሚና ልምጣ። በቬርዲ ኦፔራ በ«አይዳ» የኢትዮጵያ ንጉሥና በግብፅ በባርነት የተያዘችው የአይዳ አባት የሆነው አሞናስሮ ባሪቶን ነው። የታሪክ መጽሐፍ ብታገላብጡ እንዲህ የሚባል ንጉሥ አታገኙም፤ በአውሮፓ ብዕር የተፈጠረች ኢትዮጵያ ናት። ቢሆንም ስለ ሂስ አነባበብ ከዚህ ሚና የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። በሁለተኛው ክፍል ንጉሥነቱን ደብቆ እንደ ተራ መኮንን ተማርኮ ይገባል፤ የመጀመሪያ ቃሉ ለአይዳ በሹክሹክታ «አትክጂኝ» ማለቱ ነው፤ ከዚያ ለግብፁ ንጉሥ አባቷ መሆኑን ይናገራል። በሦስተኛው ክፍል በዐባይ ዳር፣ የግብፅን ጦር ምስጢር ከፍቅረኛዋ እንድታወጣለት፣ ልጁን በለሰለሰ ድምፅ ይለማመጣታል፤ መዓዛቸው የሚያውደውን የአገሯን ደኖች ያስታውሳታል። እምቢ ስትለው «ልጄ አይደለሽም፤ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ» ብሎ ይረግማታል። ወዲያው ደግሞ የተሸነፈው ሕዝብሽ የሚነሣው በአንቺ ብቻ ነው እያለ በሰፊ ዜማ ይማጸናታል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚጮህ ዘፋኝ ይጨበጨብለታል። ልመናውን በለሆሳስ ይዞ ጉልበቱን ለርግማኑ ያስቀመጠ ደግሞ እኔን ከወንበሬ ያስነሣኛል። ስለዚህ ስለ እናንተ የተጻፈውን ስታነቡ «መረዋ»፣ «አስደማሚ»፣ «ግሩም» የሚሉትን በእርሳስ ሰርዟቸውና የቀረውን እዩ። «ከርግማኑ በኋላ ለምልጃው ትንፋሽ አጠረው» የሚል አንድ መስመር ከተረፈ ያን ይዛችሁ ወደ መምህራችሁ ሂዱ። ምንም ካልተረፈ ጋዜጣውን ለእናታችሁ ስጧት፤ እርሷ በደስታ ታስቀምጠዋለች።

ጥቁር አሜሪካዊው ባሪቶን ሮበርት መክፈሪን ጃንዋሪ 27 ቀን 1955 በሜትሮፖሊታን መድረክ ላይ የቆመው በዚሁ በአሞናስሮ ሚና ነው። በአርካንሶ የተወለደ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የዚያኑ ቤት የሬዲዮ ውድድር ያሸነፈ ሰው ነበር። ጥቁሯ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን በዚያ መድረክ ላይ ዘፍና ለጥቁሮች በሩን ከከፈተች ገና ሃያ ቀን ነበር፤ ከጥቁር ወንዶች በዚያ ቤት በዋና ሚና የዘፈነ የመጀመሪያው እርሱ ሆነ። በሞቀ ጭብጨባ ተቀበሉት። ከዚያስ? በሦስት የትርኢት ወቅቶች የዘፈነው 10 ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ሚና የቬርዲ ሌላ ኦፔራ ዋና ባለታሪክ የሆነው ሪጎሌቶ ነበር፤ ለባሪቶን ከዚያ የሚበልጥ ማዕረግ ብዙ የለም፤ ደጋግሞ ግን አልተጠራም። ቤቱን ትቶ ሄደ፤ በ1959 በወጣ ፊልም ላይም ሲድኒ ፖይቲየር አፉን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማው ድምፅ የእርሱ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዘፋኙ ቦቢ መክፈሪን ልጁ ነው።

ድምፁ አነሰ ብዬ አላምንም። የዘመኑ አሜሪካ ጥቁር ባሪቶን የምርኮኛ ንጉሥ ሲሆን ሊቀበል ይችል ነበር፤ በየሳምንቱ በፍቅር ታሪክ ውስጥ ሊያየው ግን አልተዘጋጀም፤ የጋዜጣ ምስጋና ይህን የሚሰብር ጉልበት የለውም። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያላችሁ ልጆች ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ ከመልካም ሂስ በኋላ ስልክ ካልተደወለ ወዲያው ጉሮሯችሁን አትክሰሱ። ምክንያቱ የቤቱ በጀት ሊሆን ይችላል፤ የዳይሬክተሩ ዓይንም ሊሆን ይችላል። መክፈሪን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ዘፈን አስተምሯል፤ በ1993ም፣ በስትሮክ ከታመመ በኋላ፣ ልጁ በሚመራው የሴንት ሉዊስ ሲምፎኒ ፊት ቆሞ ዘፍኗል።

ከእናንተ አንዳችሁ አሞናስሮን የምትዘፍኑበት ቀን ከደረሰ ቦታውንና ሰዓቱን ላኩልኝ፤ ጉልበቴ ከፈቀደ እመጣለሁ። የምጽፈውን ግን የመጨረሻው ትርኢት ሳያልቅ አታንብቡ።