መልስ፦ የአባትዎ ፎቶግራፍ የተነሣበት ዘመን

ጤና ይስጥልኝ። አባትዎ ጎንደር ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ ፊት፣ ከላንድሮቨር አጠገብ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ጠይቀዋል። ሕንፃው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሠራ ስለሆነ ብዙም አይረዳንም። የላንድሮቨሩ የፊት መብራቶች ግን ፓራፋንጎው ላይ ሳይሆን ራዲያተሩ ፊት ተጠጋግተው ይታያሉ፤ መኪናው መመረት የጀመረው በ1940 ዓ.ም. ሲሆን መብራቶቹ ወደ ፓራፋንጎው የወጡት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ከኋላ የሚመጣው ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪና ነው፤ የመንገዱን ግራ ይዞ እየተጓዘ ስለሆነና አገራችን ወደ ቀኝ መስመር የተዛወረችው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ፎቶግራፉ ከዚያ በፊት የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ። ፊልሙ ግራና ቀኙ ተገልብጦ አለመታተሙን ግን ከሰሌዳው ቁጥር ያረጋግጡ። ቅጂ ሲያሠሩም እባክዎ ጠርዙን አያስቆርጡ፤ ኤንትሬው ያለው እዚያ ነው።