የተረፉትን ሴሎች ጠይቋቸው

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የካንሰር መድኃኒት ምርምር ውስጥ ለመግባት ለምታስቡ ነው።

በ1942 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ የል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአንድ የሊምፎማ (የሊምፍ ሴሎች ካንሰር) ታማሚ ናይትሮጅን መስታርድ የተባለ ኬሚካል ተሰጠው። ዕጢው በቀናት ውስጥ ሟሸሸ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። መድኃኒቱ ሲደገም አቅም አጣ፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት አረፈ። ኬሞቴራፒና መድኃኒት መላመድ፣ ማለትም ካንሰሩ መድኃኒቱን መቋቋሙ፣ አብረው ነው የጀመሩት።

ወጣት ተመራማሪዎች አዲስ ውህድ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ስንት ሴል እንደገደለ ነው። እኔ የምጠይቀው ስላልሞቱት ነው።

ኢብሩቲኒብ የተባለውን የደም ካንሰር መድኃኒት እንደ ምሳሌ ውሰዱ። የካንሰሩ ሴል ለመኖር ቢቲኬ የተባለ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ በዚህ ፕሮቲን 481ኛው ቦታ ላይ ያለችውን ሲስቲን የተባለች አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ይዞ አይለቅም። ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን በሽታው አገረሸ። ሲመረመር ሲስቲኗ ሴሪን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ተተክታለች። ልዩነቱ የአንድ አቶም ነው፤ በሰልፈር ፈንታ ኦክስጅን! መድኃኒቱ አጥብቆ የሚይዘው አጣ። ኬሚስቶቹ ታዲያ ያቺን ቦታ ጨርሶ የማይፈልግ ሞለኪውል ሠሩ። ፒርቶብሩቲኒብ ይባላል፤ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። እሱንም የሚቋቋሙ ለውጦች ታይተዋል፤ ሥራው አላለቀም።

ላብ ውስጥ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። ፒ-ግላይኮፕሮቲን መድኃኒትን ከሴል የሚያስወጣ ፓምፕ ነው። እሱን የሚዘጉ ውህዶች የላብ ሳህን ላይ ድንቅ ነበሩ። ግን ይኸው ፓምፕ አንጎልንና አንጀትንም ይጠብቃል። ሲዘጋ ኬሞው ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ታማሚውን ጎዳ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጤነኛ ሊምፎሳይትም (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) አብራችሁ ፈትኑ።

መድኃኒት የተላመደ ሴል ላብ ውስጥ ማውጣት ወራት ይፈጃል። ዶዙን በትንሽ በትንሹ ትጨምራላችሁ። አብዛኛው ይሞትና ፍላስኩ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ዕቃ) ባዶ ይመስላል። አትድፉት! ሚዲየሙን (ሴሎቹ የሚመገቡትን ፈሳሽ) እየቀየራችሁ ጠብቁ። አንድ ቀን ማይክሮስኮፑ ሥር ጥቂት ክብ ሴሎች ተሰባስበው ታያላችሁ። ያኔ ዶዝ ለመጨመር አትቸኩሉ። ከፊሉን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አስቀምጡ፤ ቀኑንና ዶዙን ጻፉበት። ዲኤንኤውን ከመነሻው ሴል ጋር አመሳክሩ፤ ሌላ ሴል የተቀላቀለበት ካልቸር (ላብ ውስጥ የሚያድግ የሴል ስብስብ) የስንቱን ድካም መና አስቀርቷል።

የቀረውን ለጥቂት ሳምንታት ያለ መድኃኒት አሳድጉና እንደገና ፈትኑት። መልሶ ከሞተ፣ መላመዱ ጊዜያዊ ሳይሆን አይቀርም። ካልሞተ ጂኑን አስነብቡ። ቀጣዩ ውህድ ምን ላይ ማነጣጠር እንዳለበት ፍንጩን የምታገኙት እዚያ ነው።