የእርሾ እርጅና እንጀራ ይሆናል ወይ?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የመሐል ሜዳ ልጅ እንደሆንሽ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂ እየተማርሽ እንደሆነ፣ እርሾም እንደ ሰው እንደሚያረጅ በክፍል ከሰማሽ ወዲህ ነገሩ ከልብሽ እንዳልወጣ፣ ወንድምሽ ግን «በእርሾ ጠላ ይጠመቃል እንጂ ኑሮ አይገፋም» እንዳለሽ ጽፈሻል። የጠየቅሽኝም ይህን ርእስ ለመመረቂያ ጥናትሽ መያዝ ይበጅሽ እንደሆነና ከዚያ በኋላ ማን እንደሚቀጥርሽ ነው።

«የእርሾ እርጅና ተመራማሪ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ በአገራችን አይቼ አላውቅም፤ አንቺም እሱን ስትጠብቂ እንዳታረጂ። ይሁን እንጂ ርእሱን ያዢው ብዬ እመክርሻለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ጥናት በትክክል ከተሠራ የሚያስተምርሽ ሕያው ሕዋስን መቁጠር ነው፣ ቀጣሪም የሚፈልገው ይህንኑ እጅ ነው።

የጠላና የዳቦ እርሾ የሆነው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የሚራባው እኩል ለሁለት እየተከፈለ አይደለም፤ እናቲቱ ሕዋስ ከጎኗ ትንሽ እምቡጥ ታወጣለች፣ እምቡጡም አድጎ ይገነጠላል። በተገነጠለበት ቦታ ካይቲን የተባለ ጠንካራ ንጥረ ነገር የበዛበት ክብ ጠባሳ ስለሚቀር፣ ጠባሳውን የሚያደምቅ ቀለም ጨምሮ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው እናቲቱ ስንት ጊዜ እንደወለደች ሊቆጥር ይችላል። ሞርቲመርና ጆንስተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ልጆቹን ከእናታቸው እየለዩ በመቁጠር አንዲት እናት የምትወልደው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳዩ፤ ቁጥሩ እንደ ዝርያው ቢለያይም በአማካይ 25 ገደማ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን የልጅቱ ነገር ነው፤ ከገፋች እናት የተወለደች እንኳ በአብዛኛው ዕድሜዋን ከሀ ትጀምራለች። ሲንክሌርና ጓሬንቴ የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ከምክንያቶቹ አንዱን ሲያመለክቱ፣ ከክሮሞሶም ተገንጥለው ክብ የሆኑ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች በእናቲቱ ውስጥ እየተጠራቀሙ እንደሚቀሩ አሳይተዋል።

ያም ሆኖ አንቺ ይህን የሞርቲመርን መንገድ እንድትከተዪ አልመክርሽም። አንድ ክፍፍል በተመቸ ሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ ሃያ አምስቱን ለመከታተል ወደ አርባ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ልጅን ከእናት የሚለይ ቀጭን መርፌ የተገጠመለት ማይክሮስኮፕም በየላቦራቶሪው አይገኝም። ያረጁትን ከብዙው መሐል ልልቀም ብትዪም አይሆንም፤ እየተራባ ባለ እርሾ ውስጥ ከሕዋሳቱ ግማሽ ያህሉ ገና ያልወለዱ፣ ሩቡ አንዴ የወለዱ፣ ስምንተኛው ሁለቴ የወለዱ ናቸውና፣ እንዲህ እየተገመሰ ሲወርድ ሃያ ጊዜ የወለደችው በግምት ከሁለት ሚሊዮን አንዷ ብቻ ትሆናለች።

ለአንቺ የሚሆነው ሌላኛው የእርጅና ዓይነት፣ ማለትም ሕዋሱ መከፋፈሉን ካቆመ በኋላ ምን ያህል ጊዜ በሕይወት እንደሚቆይ መለካት ነው። ከሱቅ የተገዛ የዳቦ እርሾ ይበቃል። ከአንዲት ሕዋስ ተራብቶ ከወጣ አንድ የእርሾ ክምችት (ኮሎኒ) ተነስተሽ አንዱን ብልቃጥ በ2 ከመቶ፣ ሌላውን በ0.5 ከመቶ ግሉኮስ (ስኳር) ታሳድጊያለሽ፤ የሦስተኛውን ቀን ቁጥር እንደ መቶ ይዘሽ በየሁለት ቀኑ ናሙና ወስደሽ፣ አሥር አሥር እጥፍ እያቀጠንሽ አጋር በሚባለው የረጋ ማብቀያ ላይ ትዘሪና የበቀሉትን ትቆጥሪያለሽ። በዚህ መንገድ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ፤ እርሾው ብዙ ስኳር ሲያገኝ አሴቲክ አሲድ ያመርታል፣ አሲዱ ራሱ ሕዋሱን ይገድላል። ስለዚህ የአሲድነቱን መጠን አብረሽ መዝግቢ፤ አለበለዚያ እርጅና ለካሁ ብለሽ ኮምጣጤ ለክተሽ ትመለሻለሽ። ሙቀቱንም ጠዋትና ማታ ጻፊ። ሸዋ ሮቢት ላይ ቶሎ የሚደርስ ጠላ ደብረ ብርሃን ላይ እንደሚዘገይ እናትሽ ከማናችንም በላይ ታውቃለች፤ ሌሊት መብራት ከጠፋ የአንቺም ብልቃጥ በዚያው ብርድ ያድራል።

ከእናትሽ ጋን አተላ ወስደሽ ልጀምር ያልሽው ሐሳብ ደስ ቢያሰኝም ለጊዜው ይቆይ። በጠላ ውስጥ እርሾው ብቻውን አይደለም፣ ባክቴሪያም ሌላም አብሮት አለ፤ የያዝሽው ማን እንደሆነ ሳታረጋግጪ ዕድሜውን መለካት አይቻልም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ደብረ ብርሃን ላይ የዳሽንም የሐበሻም ቢራ ፋብሪካ አለ። ቢራ ጠማቂዎች ከጋኑ ሥር የሚሰበሰበውን እርሾ ደጋግመው ስለሚጠቀሙበት፣ ከመጨመሩ በፊት ሕያውና ሙት ሕዋሳቱ ይቆጠራሉ፤ ሜቲሊን ብሉ ሲጨመር ሙቱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው ቀለሙን ስለሚያጠፋው ነጭ ሆኖ ይታያል። በአንድ ፋብሪካ የቅጥር ፈተና ላይ ተገኝቼ ውጤቱ እጅግ ከፍ ያለ ወጣት ናሙናውን ሳያቀጥን መቁጠሪያው መስታወት ላይ ሲጥለው አይቻለሁ፤ በማይክሮስኮፑ የሚታየው እንደተደፋ ጤፍ ነበርና ምንም ሳይቆጥር ሰዓቱ አለቀ። አንቺ ያን ጊዜ ይህን ሥራ መቶ ጊዜ ሠርተሽው ትገኛለሽ። ደግሞም ፋብሪካው «አምስተኛ ትውልድ» ሲል እርሾው ለአምስተኛ ጊዜ ጥቅም ላይ ዋለ ማለቱ እንጂ ሕዋሳቱ አምስት ጊዜ ወለዱ ማለቱ አይደለም፤ በውስጡ ገና ያልወለዱ ሞልተዋል። ይህን ልዩነት በቃለ መጠይቅ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብታስረጂ ጠያቂሽ ብዕሩን ያስቀምጣል።

ለሁለተኛ ዲግሪ የምታመለክቺ ከሆነ ወንድምሽ የናቀው እርሾ ምን እንዳስገኘ ጻፊ። ሃርትዌል፣ ነርስና ሃንት የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ሕዋስ ክፍፍል ኖቤል ሲሸለሙ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሠሩት በእርሾ ነው፤ በነርስ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1987 የሰው ጂን እርሾ ውስጥ ገብቶ የእርሾውን ጂን ተክቶ መሥራቱ ታይቷል። ያ የነርስ እርሾ ሌላ ዝርያ ሲሆን ፖምቤ ይባላል፤ ስሙ በስዋሂሊ ቢራ ማለት ነው።

ርእሱን ከማስመዝገብሽ በፊት ግን አማካሪሽን ሄደሽ ሙቀቱን የሚጠብቅ ማሳደጊያ፣ ብልቃጥ የሚንጥ መሣሪያና ኦቶክሌቭ (ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ መሣሪያ) ለሦስት ሳምንት ያለማቋረጥ ማግኘት ትችዪ እንደሆነ ጠይቂ፤ መልሱን ጻፊልኝና የቀኑን አቆጣጠር አብረን እናወጣለን።