አነስተኛ የነፋስ ኃይል በአሜሪካ፦ ስለ ድጎማውና ስለ ደንቡ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ከከተማ ወጣ ብለው መሬት የገዙ ወይም እርሻ የጀመሩ ወገኖቻችን ስለ አነስተኛ የነፋስ ተርባይን የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ለመኖሪያ ቤት ይሰጥ የነበረው የ30 በመቶ የፌዴራል ታክስ ክሬዲት ካበቃ ወዲህ በርክተዋል። በዚሁ ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ፣ ከደረሱኝ መካከል ብዙዎችን ይመለከታሉ ያልኳቸውን እመልሳለሁ። «አነስተኛ» የምለው እስከ 100 ኪሎዋት ያለውን ነው፤ ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተርባይኑን ሙሉ ዋጋ በኦክቶበር 2025 ከፍያለሁ፣ የመሠረቱ ኮንክሪትም በዚያው ወር ተሞልቷል። ምሰሶው የቆመው ግን በማርች 2026 ነው። ደረሰኜ የ2025 ስለሆነ ክሬዲቱን መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ አዝናለሁ፣ አይችሉም። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ፣ በታክስ ሕጉ አንቀጽ 25ዲ ሥር ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን ክሬዲት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ እንዳይሰጥ አድርጓል። ቁልፉ ነገር ወጪው «ወጣ» የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነው። በሕጉ መሠረት ወጪው እንደወጣ የሚቆጠረው ገንዘቡ በተከፈለበት ቀን ሳይሆን ተከላው በተጠናቀቀበት ቀን ነው፤ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይአርኤስም ይህንኑ በግልጽ አስታውቋል። ብዙ ሻጮች በ2025 መጨረሻ ገደማ «ቀብድ ብቻ ይክፈሉ፣ ክሬዲቱ አያመልጥዎትም» እያሉ ደንበኛ ያጣድፉ ስለነበር፣ ከሻጩ ጋር የተፈራረሙት ውል ላይ እንዲህ ያለ ቃል በጽሑፍ ሰፍሮ እንደሆነ ጠበቃ እንዲያየው ቢያደርጉ መልካም ነው።

ተከላቸው በ2025 የተጠናቀቀ ሰዎች ግን መብታቸው እንደተጠበቀ ነው። በቅጽ 5695 ይጠይቃሉ። ክሬዲቱ ካለብዎት የፌዴራል ገቢ ግብር ላይ የሚቀነስ እንጂ በጥሬው የሚመለስ ገንዘብ አይደለም። ለምሳሌ ተርባይኑ 60,000 ዶላር ፈጅቶ ክሬዲቱ 18,000 ቢሆን፣ የዓመቱ ግብርዎ ደግሞ 7,000 ብቻ ቢሆን፣ ቀሪው 11,000 ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራል።

ጥያቄ፦ እርሻዬ በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) የተመዘገበ ነው። ለንግድ የሚሰጠው ክሬዲትም አብሮ ቆሟል?

መልስ፦ በአንድ ቀን አልቆመም፣ ነገር ግን በሩ እየጠበበ ነው። አንቀጽ 48ኢ ለንግድ ተቋማት ከ1 ሜጋዋት በታች ለሆነ ተከላ የ30 በመቶ ክሬዲት ይሰጣል። ለነፋስና ለፀሐይ ግን ግንባታው እስከ ጁላይ 4 ቀን 2026 ካልተጀመረ፣ ተርባይኑ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2027 ሥራ መጀመር ይኖርበታል። «ተጀመረ» ለመባልም ቀድሞ ከጠቅላላው ወጪ 5 በመቶውን ማውጣት ይበቃ ነበር፤ በኦገስት 2025 የወጣው መመሪያ ይህንን ለነፋስ ስላስቀረው፣ አሁን የሚቆጠረው በተጨባጭ የተሠራ ሥራ ነው፤ የመሠረት ቁፋሮ ለምሳሌ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ ግንባታቸው ከ2025 በኋላ የሚጀመር ተከላዎች ከቻይና፣ ከሩሲያ፣ ከኢራንና ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተያያዙ ድርጅቶች የተመረቱ ዕቃዎች ድርሻ ከተወሰነው መጠን እንዳያልፍ ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ በርካሽ የተገኘ ተርባይን ክሬዲቱን ሊያሳጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ኩባንያ ተርባይኑን በመኖሪያ ቤትዎ ግቢ ተክሎ በኪራይ እንዲጠቀሙበት ቢያቀርብልዎ፣ አዲሱ ሕግ በዚህ መልክ ለሚከራይ አነስተኛ ተርባይን ክሬዲቱን ለኩባንያውም ስለከለከለ፣ «ክሬዲቱን እኛ ወስደን ኪራዩን እንቀንስልዎታለን» የሚለውን ሐሳብ በጥንቃቄ ይመልከቱት።

ጥያቄ፦ ከግብርና ሚኒስቴሩ የሚገኝ እርዳታ አለ ይባላል።

መልስ፦ አለ፤ ሪፕ የሚባለው ፕሮግራም ነው። የሚያገለግለው ቢያንስ ግማሽ ገቢያቸውን ከእርሻ ለሚያገኙ አምራቾችና በገጠር ላሉ አነስተኛ ንግዶች እንጂ ለመኖሪያ ቤት አይደለም። የእርዳታው ድርሻና የማመልከቻው ጊዜ በቅርብ ዓመታት ደጋግሞ ስለተለዋወጠ፣ በክልልዎ የሚገኘውን የገጠር ልማት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። አንድ ነገር ግን ያስታውሱ፤ ማመልከቻው ሳይገባ ሥራ አያስጀምሩ።

ጥያቄ፦ የተረፈኝን ኤሌክትሪክ የመብራት ኩባንያው በስንት ይገዛኛል?

መልስ፦ በእኔ እምነት ከታክስ ክሬዲቱም በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። በ1978 የወጣው ፐርፓ የተባለው የፌዴራል ሕግ ኩባንያዎች ከአነስተኛ አምራቾች ኤሌክትሪክ እንዲገዙ ያስገድዳል፤ የሚያስገድደው ዋጋ ግን ኩባንያው ራሱ ቢያመርተው ወይም ከሌላ ቢገዛው ያወጣው የነበረውን ያህል ነው፣ እሱም ከችርቻሮው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ከዚያ በላይ ማግኘት የሚቻለው በክልል ሕግ ነው። ሚኒሶታ በ1983 ኔት ሜተሪንግን (ወደ መስመር የላኩት ከተጠቀሙበት ሒሳብ ላይ የሚቀነስበትን አሠራር) በሕግ ከደነገጉት ቀዳሚ ክልሎች አንዷ ስትሆን፣ ከ40 ኪሎዋት በታች ላለው ተከላ የተረፈው ኤሌክትሪክ በችርቻሮ ዋጋ እንዲታሰብ አድርጋለች። ቴክሳስ ክልል አቀፍ የኔት ሜተሪንግ ሕግ የላትም። ካሊፎርኒያ ደግሞ በትልልቆቹ የግል ኩባንያዎች ሥር ላሉ አዲስ ደንበኞች ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጀምሮ ወደ መስመር የሚላከውን በዝቅተኛ ዋጋ ወደሚከፍል አሠራር ተሻግራለች።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ተርባይንዎ በዓመት 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ያመርታል፣ ከዚያም ግማሹን ቤትዎ በተመረተበት ቅጽበት ይጠቀማል፣ ግማሹ ወደ መስመር ይሄዳል እንበል። የችርቻሮው ዋጋ 15 ሳንቲም ቢሆንና ሁሉም በእሱ ቢታሰብ 1,800 ዶላር ይሆናል። ወደ መስመር የሄደው በ4 ሳንቲም ቢታሰብ ግን 900 ሲደመር 240፣ ማለትም 1,140 ዶላር ብቻ ነው። በየዓመቱ 660 ዶላር የሚያሳጣዎ፣ ታሪፉ ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ነው። ስለዚህ ከመዋዋልዎ በፊት የታሪፉን ሰነድ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከመብራት ሒሳብዎ ሳይቀነስ የተረፈው በገንዘብ ይከፈል ወይም ይሰረዝ እንደሆነም ያረጋግጡ። የገጠር የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ደንበኛ ከሆኑ ደንቡ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ሊለይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። የመሬት አጠቃቀም ደንቡ የምሰሶውን ከፍታ፣ የድምፁን መጠንና ከጎረቤት ወሰን ያለውን ርቀት ይወስናል። ርቀቱን በብዙ ቦታ ከምሰሶው ከፍታ ጋር እኩል ወይም ጥቂት የሚበልጥ ያደርጉታል፤ ምክንያቱም ቢወድቅ ጎረቤት መሬት ላይ እንዳያርፍ ነው። በ80 ጫማ ምሰሶ ላይ ይህ ማለት በየአቅጣጫው ቢያንስ 80 ጫማ ባዶ መሬት ያስፈልጋል ማለት ስለሆነ፣ ግማሽ ኤከር ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ200 ጫማ በላይ ለሆነ ማንኛውም ግንባታ ማስታወቂያ ይጠይቃል፤ አየር ማረፊያ አጠገብ ከሆነ ግን ከዚያ ላነሰውም ሊጠይቅ ይችላል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር ከሆኑ ውሉን ያንብቡ፤ በብዙ ክልሎች ማኅበራት የፀሐይ ፓኔልን እንዳይከለክሉ የሚያግዳቸው ሕግ ተርባይንን አይጨምርም።

ጥያቄ፦ ጣሪያ ላይ የሚገጠም፣ ምሰሶ የማያስፈልገው የ10 ኪሎዋት ተርባይን በርካሽ አግኝቻለሁ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ አይግዙት። በነፋስ ውስጥ ያለው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ (ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ልክ ነው የሚያድገው፤ ጣሪያ ላይ ያለው ነፋስ ደግሞ በቤቱና በዛፎቹ የተሰበረና የሚዋልል ነው። የሙያው ደንብ ከተርባይኑ በ500 ጫማ ዙሪያ ካለ ነገር ሁሉ የክንፎቹ ዝቅተኛ ጫፍ ቢያንስ በ30 ጫማ እንዲበልጥ ነው። ቁጥሩንም ይመርምሩ፤ «10 ኪሎዋት» የተባለው በሰከንድ 14 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ከሆነ፣ ያው ተርባይን በሰከንድ 11 ሜትር ላይ ከግማሽ ያነሰ ነው የሚሰጠው። የአሜሪካው የአነስተኛ ተርባይን መስፈርት 11 ሜትርን የመለኪያ ፍጥነት ያደረገው ሁሉም በአንድ ሚዛን እንዲመዘን ነው። በገለልተኛ ተቋም የተረጋገጠ ሰርተፍኬት የሌለው ተርባይን አይአርኤስ ቀድሞ ለነበረው የንግድ ክሬዲት ያወጣውን መስፈርትም አያሟላም ነበር።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ተርባይኑ ያበራልኛል?

መልስ፦ ባትሪና ከመስመሩ የሚለይ መቀያየሪያ ከሌለዎት አያበራም። ኢንቨርተሩ (የተርባይኑን ኃይል ለመስመሩ ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ) መስመሩ ሲቋረጥ ወዲያው እንዲዘጋ ደንቡ ያስገድዳል፤ መስመር የሚጠግኑ ሠራተኞች ሕይወት እንዳይጠፋ ነው።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ ጎጃም ገጠር ውስጥ ላላቸው ቤት ተርባይን ብልክ፣ የከፈልኩበትን ከአሜሪካ ግብሬ መቀነስ እችል ነበር?

መልስ፦ አይችሉም ነበር። ክሬዲቱ ሲሠራም ለአሜሪካ ውስጥ ቤት ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ ክሬዲቱ ከቆመ ወዲያ ነገሩ ያዋጣል?

መልስ፦ ከላይ ባለው ምሳሌ ተርባይኑ 60,000 ዶላር ቢፈጅና በዓመት 1,800 ቢያድን፣ ጥገናን ሳንጨምር ወጪውን ለመመለስ ከ33 ዓመት በላይ ይወስዳል። ከክሬዲቱ ጋር ቢሆን እንኳ 23 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነበር፤ ይህም ከተርባይኑ የተለመደ ዕድሜ፣ ከ20 ዓመት፣ ይበልጣል። ስለዚህ እንዲህ ላለው ቤት ክሬዲቱም አያድነውም ነበር። ተመሳሳይ ነገር በፊትም ታይቷል፤ የመጀመሪያው የመኖሪያ ቤት ክሬዲት በ1985 መጨረሻ ሲቋረጥ፣ በክሬዲቱ ብቻ ቆመው የነበሩ ብዙ ተርባይን ሠሪዎች ተዘግተዋል።

የሚያዋጣባቸው ቦታዎች ግን አሉ። በምሰሶው ከፍታ ላይ አማካዩ ነፋስ በሰከንድ ከ5 ወደ 6 ሜትር ከፍ ቢል፣ በነፋሱ ውስጥ ያለው ኃይል በ73 በመቶ ይጨምራል። የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰው መሬት ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ጭራሽ ይለወጣል፤ ኩባንያው መስመር ለመዘርጋት የሚጠይቀውን ዋጋ በጽሑፍ ያስመጡና ከተርባይኑ፣ ከባትሪውና ከፀሐይ ፓኔል ድምር ጋር ያስተያዩት። የዝርጋታው ዋጋ ከዚያ ድምር ካነሰ፣ እኔ መስመሩን እንዲያስገቡ ነው የምመክርዎት።