ሆቴሉ ጨረቃና ከብት በዘይት ቀለም ሳልልኝ ብሎኛል፣ ስራዬን ልልቀቅ ወይ ላልከኝ

ሰላም ወንድሜ፣ መልዕክትህን ሁለቴ አነበብኩት። ሀዋሳ ፎቶ ቤት ኤዲቲንግ እየሰራህ ማታ ማታ በአክሪሊክ ትስላለህ፣ አንድ የሆቴል ባለቤት ደግሞ ለሎቢው ሁለት ሜትር የሚሆን የዘይት ቀለም ስዕል፣ ሐይቁ ላይ ጨረቃ ወጥታ ከብቶች ማታ ወደ ቤት ሲገቡ የሚያሳይ፣ በሶስት ሳምንት አድርስልኝ ብሎሃል፣ አንተ ግን ዘይት ነክተህ አታውቅም። ልያዘው ወይ፣ ፎቶ ቤቱንስ ልልቀቅ ነው ጥያቄህ።

አትልቀቅ። አንድ ትዕዛዝ ደሞዝ አይሆንም። በፈረንጆቹ 1600ዎቹ ሆላንድ ውስጥ አርት ቫን ደር ኔር የሚባል ሰዓሊ ነበር፣ በጨረቃ ብርሃን ወንዝና መንደር በመሳል የታወቀ ነው፣ ዛሬ ስራው ትልልቅ ሙዚየም ተሰቅሏል፣ በህይወት እያለ ግን ስዕሉ አላበላው ብሎ አምስተርዳም ላይ መጠጥ ቤት ከፍቶ ነበር፣ እሱም አላዋጣውም 1662 ላይ ከሰረ። ላስፈራራህ አይደለም፣ እሺ ትንሽ ላስፈራራህ ነው።

ስራውን ግን ያዘው፣ ሶስት ሳምንቱን ብቻ እምቢ በል። ዘይት እንደ አክሪሊክ ውሃው ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፣ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ እያለ ነው የሚጠጥረው፣ ስስ ከሆነ ቀናት፣ ወፍራም ከሆነ ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል፣ ቬርኒሹማ ስድስት ወር አንዳንዴም አመት ይጠብቃል። ደግነቱ አክሪሊክ ትችላለህ፣ ስለዚ የታችኛውን ጨለማና ብርሃን በሙሉ በአክሪሊክ ስስ አርገህ ጣለውና ከላይ በዘይት ጨርሰው፣ እስኪደርቅ የምትጠብቀው ጊዜ በጣም ያጥርልሃል። በተቃራኒው ግን በፍፁም እንዳታረግ፣ ዘይት ላይ አክሪሊክ አይዝም ይላቀቃል። ዘይቱንም ስትደራርብ ታችኛው በአኳራጅ የቀጠነ፣ ላይኛው የተልባ ዘይት የበዛበት ይሁን፣ ካልሆነ ይሰነጠቅና ሰውየው ይደውልልሃል። አቡጀዲ ከሆነ የምትወጥረው በደንብ ፕራይም አርገው፣ ማለትም መጀመሪያ መነሻ ቀለም ቀባው፣ ዘይት ባዶ ጨርቅ ከነካ ውሎ አድሮ ይበላዋል።

አሁን ወደ ጨረቃዋ። ከተማው ከሐይቁ ምስራቅ ነው አይደል፣ ስለዚ ከብት በሚገባበት ሰዓት ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ከጀርባህ ነው እንጂ ከሐይቁ አይደለም። ሐይቁ ላይ የምታገኛት ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት አካባቢ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሰውየው እንዳዘዘው ብትስለው አሞራ ገደል የሚውል አሳ አስጋሪ አንዴ አይቶ ይስቅብሃል፣ እኔ ብሆን ከብቶቹ ማለዳ ሲወጡ ይሁን ብዬ አሳምነዋለሁ። ከስልክ ፎቶም አትሳል፣ ስልክ ማታውን ቀን እንደሚያስመስለው ከኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። በጨለማ አይን ቀይን ቀድሞ ያጣል፣ ሰማያዊው ይቆያል፣ ቀይ በሬ ጥቁር መስሎ ነጯ ላም ብቻዋን ትታያለች፣ የሌሎቹ ጀርባቸው ላይ ቀጭን ብርሃን ይበቃል። ጥቁር ቀለም ከቱቦ አትጭመቅ፣ አልትራማሪን ሰማያዊውን ከበርንት አምበር ቡናማው ቀላቅል። ጨረቃዋንም አታሳብጣት፣ እጅህን ዘርግተህ በትንሿ ጣት ጥፍርህ ትሸፈናለች እኮ።

ብሩን በተመለከተ፣ ግማሹን ቀብድ ሳትቀበል ሸራ አትወጥር፣ የርክክቡን ቀንና ቬርኒሹን በኋላ መጥተህ እንደምትቀባ በፅሁፍ ይሁን። መጀመሪያ የወረቀት መጠን ያላት ሙከራ ስራና አሳየው፣ እሷን ካልወደዳት ትልቁንም አይወደውም።

ሰዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያቋቋሙት የስነ ጥበብ ት/ቤት ልግባ ወይ ያልከውን ደግሞ፣ አሪፍ ሀሳብ ነው፣ ግን መግቢያው ላይ የተግባር ፈተና አለ፣ እዛ የሚያድንህ እርሳስ ነው እንጂ ጨረቃ አይደለም። ጋሪ ፈረሶቹ ቆመው ደንበኛ ሲጠብቁ ሄደህ በየቀኑ አንድ አንድ ንደፍ፣ ለከብቶቹም ይጠቅምሃል፣ እግር መሳል ላይ ነው ሁሉም የሚጋለጠው።

ሙከራዋን ስትጨርስ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ኤዲት ሳታረጋት።