አምበሉ መካኒክ ነበር

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ጋራዤ ውስጥ የሚሠራ የ17 ዓመት ልጅ አለ። ከላይ የማንቸስተር ሲቲ ማሊያ፣ ከታች ዘይት የጠገበ ሱሪ። ባለፈው ሳምንት ካንዴላ፣ ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የምትሰጠዋን ዕቃ፣ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ኳሱ ቢሳካልኝ ኖሮ እኮ እዚህ ግሪስ ውስጥ አልገኝም ነበር» አለኝ። በ17 ዓመቱ «ቢሳካልኝ ኖሮ» ይላል! ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ከነከነኝ። የከነከነኝ ኳሱ አይደለም። «እዚህ» ያላት ቃል ናት።

«የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አምበላችን መካኒክ እንደነበር ታውቃለህ?» አልኩት።

«እያሾፉብኝ ነው አይደል?»

አላሾፍኩም። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

ሉቺያኖ ቫሳሎ የተወለደው በ1927 ዓ.ም. ክረምት አስመራ ነው። ጣሊያን እኛን ሊወር ወታደሩን በምፅዋ ወደብ ሲያራግፍ የከረመበት ክረምት ማለት ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የፋሽስቱ መንግሥት፣ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል በሕግ ከለከለ። እንግዲህ አስቡት። ክልስ ሆኖ ማደግ በነጩም ሰፈር በጥቁሩም ሰፈር እንግዳ መሆን ነበር። ይህ ልጅ ሁለት ነገር ያዘ፤ ኳስና መካኒክነት።

በኋላ ድሬዳዋ መጣ። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን፣ ኮተን የሚባለው፣ በዚያ ዘመን የአገሪቱን ሻምፒዮና እየደጋገመ የሚወስድ ኃይለኛ ቡድን ነበር። ኳስ ግን ያኔ ብቻውን ቤት አያቆምም። ተጫዋቹ ሌላም እንጀራ ነበረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። እኛ ጋራዥ ውስጥ የምንጠራቸውን ዕቃዎች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ሜዳ ላይስ? ኳስን በራስ ሲመቱት ቴስታ፣ በእግር ሲሉት ካልቾ። ወራሪው ሄደ፣ ቃሉ ቀረ። እኛም ሳንቀየም እየተጠቀምንበት ሞተር ፈታንበት፣ ጎል አገባንበት። ሉቺያኖን ሳስብ ሁልጊዜ ይኼ ትዝ ይለኛል።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እሁድ። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፣ ቤታችን ቂርቆስ። ስታዲየም የሚያስገባ ሳንቲም ስለሌለኝ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጩኸቱን አዳምጣለሁ። ጩኸቱ ሰፈራችን ድረስ ይመጣል። ከጩኸቱ ማን እንዳገባ ለመገመት እንሞክር ነበር። ዝም ካለ ግብፅ አገባች። ካበደ እኛ።

መጀመሪያ ዝም አለ። ግብፅ፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለው፣ አንድ ለባዶ መራች። ቀደም ብለው የተደረጉትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች የበላች እሷው ናት። ከዕረፍት በኋላ የእኛዎቹ አቻ አደረጉ። ደስታችን ብዙም አልቆየ፤ ግብፆች ደገሙ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ አገባ። ሁለት ለሁለት። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ መጨረሻው ላይ አራተኛውን ጨመሩ። አለቀ። ታላቅ ወንድሜ ማታ ድምፁ ተዘግቶ፣ አንድ እግር ጫማ ይዞ መጣ። ሌላውን የት እንደጣለው እስከ ዛሬ አያውቅም። እናቴ ልትቆጣ ጀመረችና ተወችው።

ዋንጫውን ለሉቺያኖ የሰጡት ጃንሆይ ናቸው። በጣሊያን ወረራ የተሰደዱት ንጉሥ፣ ዋንጫውን ለጣሊያን ወታደር ልጅ አስረከቡት። ያን ፎቶ ባየሁት ቁጥር ዝም እላለሁ።

አሁን ስለ እኔ ትንሽ ታገሡኝ። እኔም ኳስ ተጫዋች ልሆን ነበር። ይኼን የማይል ሽማግሌ አዲስ አበባ ውስጥ ካገኛችሁ ጻፉልኝ፤ እኔ ግን የእውነቴን ነው። በ19 ዓመቴ ጉልበቴ ተበጠሰ። «ቡድኑ ያሳክምሃል» ያለኝ ሰውዬ ከዚያች ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ እንኳ ዞር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ስሙን አልጠራም፤ ነፍሱን ይማር። አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተኮራምቼ ከረምኩ። ትልቁ ጥፋቴ ጉልበቴ አልነበረም። ከኳስ ሌላ ምንም አለማወቄ ነበር። ጋራዥ የገባሁት ወድጄ አይደለም፣ አጎቴ በግድ ጎትቶ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ዕቃ አቀባይ ሆኜ ስሠራ ፊቴን አጥቁሬ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ቮልስ ላይ ቫልቭ፣ የሞተሩን አየርና ጭስ የሚከፍትና የሚዘጋውን በር፣ ማስተካከል ተማርኩ። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሞቅ ካለ ልኩ ይዋሻችኋል። ስሷን የመለኪያ ብረት በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ታስገባላችሁ። በጣም ከላላ ይንኳኳል፣ በጣም ከጠበቀ ቫልቩ ይቃጠላል። ልክ ሲሆን ብረቷ ትንሽ ያዝ እያደረጋት ትወጣለች። እናቶቻችን ሰፌዱን ከእንጀራው ሥር ሲያንሸራትቱ አይታችሁ የለ? እንደሱ። ዓይን አያየውም። እጅ ነው የሚያውቀው። ያን ቀን ከጉልበቴ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይኼን እኔ እችለዋለሁ» አልኩ። የኳስ ደስታ ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ፤ እሱ ራሱ ነው።

ሉቺያኖ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ በደርግ ጊዜ፣ አገር ጥሎ ጣሊያን ገባ። አርባ ዓመት አልፎታል። እዚያ ማንም የአፍሪካ ዋንጫ ብሎ ነገር አያውቅም። ሮም አጠገብ ባለችው ኦስቲያ ተቀመጠ፤ በመካኒክነቱም ኖረ፣ ልጆችንም ኳስ አስተማረ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ውስጥ በ87 ዓመቱ አረፈ። ዋንጫው እኛ ጋ ቀረ። የእጁን ሙያ ግን የትኛውም ኬላ ላይ የቀማው የለም።

ያን ቀን ሜዳው ላይና ዳር የነበሩትን ሌሎቹንም እዩ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ ራሳቸው የጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እስኪሞቱ ድረስ መሩ። መንግሥቱ ወርቁም ቡት ሰቅሎ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችንን ሊቢያ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀብን። ይኼን ማሰብ ራሱ ያመኛል፤ እንለፈው።

ኳስ ተዉ እያልኩ አይደለም። የልጁን ኳስ በቢላ የሚቀድ አባት አልወድም፤ የኔም አንዴ አድርጎታል። ሮጡ፣ ተጫወቱ። ሴቶቹንም ነው የምለው። ግን ቤቲንግ ቤት ተሰልፎ ሌላው የሚያገባውን ጎል መጠበቅን ኳስ መውደድ ብላችሁ አትጥሩብኝ። ሦስት ጎበዝ ልጆች በዚያ አጥቻለሁ። አንዱ የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ በሽታውን የሚነግርህ ልጅ ነበር። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ትኬት ይዞ ስልክ ላይ ያፈጣል። ኳስ የምትጫወቱ ከሆነ ግን፣ ሃያ ሳትሞሉ እጃችሁ አንድ ነገር ይልመድ። ብየዳም ይሁን፣ ልብስ ስፌትም፣ ኮምፒውተርም። ቅዳሜና እሁድ ሜዳ ውላችሁ ሰኞ የምትገቡበት ቦታ ይኑራችሁ። ቦታውን ደግሞ አትናቁ፤ «እዚህ» እያላችሁ አፍንጫችሁን አትንፉበት።

የጋራዤ ልጅ ወሬውን ስጨርስለት ካንዴላዋን ወደ ብርሃን አንስቶ እያየ፣ «ሉቺያኖ ግን በየትኛው እግሩ ነበር የሚመታው?» አለኝ። ሌላውን ሁሉ ትቶ! ደጃፍ ላይ ሆኜ ስለሰማሁት ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈር ግጥሚያ አለው። ልሄድለት ነው፤ «ጋራዡ ለምን ተዘጋ» ብሎ የሚቀየመኝ ደንበኛ ይቀየመኝ። ሰኞ ጠዋት አንዲት አሮጌ ቮልስ ትጠብቀዋለች። የቫልቯን ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ያወጣል። ሞተሩ በደንብ እንዲቀዘቅዝ እሁድ ማንም እንዳያስነሳት ብያለሁ።