ጠጠሩ የት ገባ? የወሎ አንባቢዎች የመንገድና የድልድይ ጥያቄዎች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከወሎ ገጠር የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ የሚያማርሩት ስለ ጠጠር፣ ስለ ድንጋይና ስለ እንጨት ቢሆንም መልሳችን ደጋግሞ ወደ ውሃ ይመለሳል።

ጥያቄ (ከጃማ)፦ መሬታችን ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ ነው። በየዓመቱ ገንዘብ አዋጥተን ጠጠር እናለብሳለን፤ ነሐሴ ላይ ግን ጠጠሩ የለም፤ መኪናም ይቀረቀራል። ዘንድሮ መንገዱን በጥልቀት ቆፍረን በጠጠር ልንሞላው አስበናል። ይበጃል?

መልስ፦ አትቆፍሩት። ሜዳ ላይ ያለ ዋልካ ከተቆፈረ ውሃ የሚወጣበት የለውም፤ ክረምት ሲገባ ጠጠራችሁ ገንዳ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ይቀራል። የዱሮው ጠጠርም የትም አልሄደም። ከሥሩ የራሰው ጭቃ በጎማ እየተጨመቀ ወደ ላይ ሲወጣ ጠጠሩ ወደ ታች ሰጥሟል።

የሚያዋጣው መንገዱን ከማሳው ከፍ ማድረግ ነው። ዋልካ ያልሆነ አፈር፣ ቀይም ሆነ ድንጋያማ፣ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ሙሉ። በአንዴ አትከምሩት፤ 15፣ 15 ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ጠቅጥቁ። እርጥበቱን በእጅ መለካት ይቻላል፦ አፈሩን ስትጨብጡት ቅርጹን ከያዘና ውሃ ካላንጠባጠበ ለመጠቅጠቅ ደርሷል። ከዚያ ጠጠሩን አልብሱ። 4 ሜትር ስፋትና 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላለው መንገድ፣ ከተጠቀጠቀ በኋላ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው 600 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ጠጠር ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ የምታስጭኑት ግን ወደ 780 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና 49 ምልልስ መሆኑ ነው። ገንዘብ ስታዋጡ ይህን አስቡት፤ የተጠቀጠቀውን መጠን ብቻ ይዞ ሥራ መጀመር ግማሽ መንገድ ላይ ያስቀራል።

ንጹሕ ቀይ ገረጋንቲ ብቻውን አይያያዝም፤ ጎማ እየገፋ ዳር ያወጣዋል። ትንሽ ሸክላማ አፈር ይቀላቀልበት። ከ5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠውን ድንጋይ ለቅማችሁ አውጡ። የመንገዱ መሃል ከዳሩ ከፍ ይበል፦ ለ4 ሜትር ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥሮ በውሃ ልክ ማየት ቀላል ነው። ቦዩን ደግሞ ከመንገዱ ጠርዝ አርቁት። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቦይ ከጠርዙ ከተጠጋ ስንጥቁ በመንገዱ ርዝመት ይወርዳል፣ ዳሩም ይደረመሳል።

ጠጠር ሩቅ ሆኖ ጥቁር ድንጋይ ቅርብ ከሆነ ሌላ መላ አለ። ሙሌቱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ወይም ደቃቅ ገረጋንቲ አንጥፉ። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸውን ድንጋዮች ሰፊ ወገናቸውን ወደ ታች፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በእጅ ደርድሩ፤ ክፍተቱን በስባሪ ድንጋይ እየወቀራችሁ አጥብቁ፣ በላዩ ስስ ጠጠር አልብሱ። ዳርና ዳሩን ትልልቅ ድንጋይ ካልያዘው ድርድሩ ይከፈታል። ጉልበት ይበላል፤ ግን ጭቃ አይውጠውም።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ቁልቁለት ላይ የቆፈርነው የመንገድ ዳር ቦይ ገደል ሆነ። መንገዱንም እየበላ ነው።

መልስ፦ ሁለት ነገር ጎድሎታል። አንደኛው በቦዩ ውስጥ ጎርፉን የሚያዘገይ የድንጋይ እርከን ነው። በ100 ሜትር 6 ሜትር ለሚወርድ መንገድ በየ10 ሜትሩ፣ 10 ሜትር ለሚወርድ በየ5 ሜትሩ ይሠራ። የእርከኑ መሃል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ውሃው ዞሮ የቦዩን ግድግዳ ይቦረቡራል። ከእርከኑ ግርጌ፣ ውሃው በሚወድቅበት በኩል፣ ድንጋይ አንጥፉ።

ሁለተኛው ማስወጫ ነው። ቦዩ ብዙ ሳይርቅ፣ በየ20 ሜትሩ ያህል፣ ውሃውን ወደ ጎን ይልቀቅ። የት እንደሚለቀቅ ግን ከባለ መሬቱ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። የታረሰ ማሳ ላይ የተለቀቀ የመንገድ ውሃ በአንድ ክረምት ቦረቦር ይከፍታል፤ ገበሬውም ማስወጫውን ይደፍነዋል፣ እውነትም አለው። ሳር ያለበት መሬት ወይም የተፈጥሮ ፈፋ ይመረጣል። ወሎ በልግም ክረምትም ስላለው ጠረጋው ሁለት ጊዜ ነው፦ ጥር ላይና ግንቦት መጨረሻ ላይ።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ በአካባቢያችን የጣሊያን ዘመን የሚባል የድንጋይ ቅስት ድልድይ አለ። ከግንቡ ሾላ በቅሏል፤ ከሥሩም ስንጥቅ ይታያል። በሲሚንቶ ብንለስነው ይድናል?

መልስ፦ ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ነው። ከዚያ እስከ 1933 በነበሩት ዓመታት በወልዲያ ወደ አሥመራ፣ በኮምቦልቻና ባቲ ወደ አሰብ የሚወስዱትን መንገዶች ለጦሩና ለጭነቱ ሲል ሠራ። ወራሪው ከወጣ በኋላ መንገዶቹ ጠጋኝ አጥተው ተጎዱ፤ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ነው። ይህን ያነሳነው ድንጋይ ድልድይ ጠባቂ ካላገኘ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደሚጎዳ ስለሚያሳይ ነው።

መጀመሪያ ስንጥቁን ለዩት። ቅስቱንና የጎኑን ግንብ የሚለይ፣ በመኪናው መሄጃ አቅጣጫ የሚሮጥ ስንጥቅ ከሆነ፣ ከላይ የገባ ውሃ ሙሌቱን አርሶ ግንቡን እየገፋ ነው። መፍትሔው የላዩን መንገድ ውሃ እንዳያስገባ ማድረግና በግንቡ ላይ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች መክፈት ነው። ስንጥቁ ከአንዱ የድልድዩ ጎን ወደ ሌላው ጎን፣ መንገዱን አቋርጦ የሚሄድ ከሆነ ግን መሠረቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ መሐንዲስ እስኪያየው ከባድ መኪና አይለፍበት። ስንጥቁ ላይ ትንሽ ጄሶ ለጥፋችሁ ቀን ጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም።

ሾላውን አትንቀሉት፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ከግንቡ ጋር እኩል ቁረጡት፤ ባቆጠቆጠ ቁጥር ደግማችሁ ቁረጡ። ልስን ደግሞ አይበጅም፦ ስንጥቁን ይሸፍናል፣ ውሃውን ውስጥ ያስቀራል። ይልቅ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ያለውን የላላ ሞርታር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ፍቃችሁ አውጡ፣ በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ ኖራና 6 እጅ አሸዋ የተቀላቀለ ሞርታር ሙሉበት። ብዙ ሲሚንቶ ያለበት ሞርታር ከአሮጌው ግንብ ይልቅ ስለሚጠነክር የድንጋዩን ጠርዝ ይሰብረዋል። የሞላችሁትን ለሳምንት ያህል በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን የማይታየው ነው። ድልድይ በአብዛኛው የሚወድቀው ጎርፍ ከመሠረቱ ሥር ሲቦረቡር ነው። ታኅሣሥ ላይ ወንዙ ሲጎድል በመሠረቱ ዙሪያ ብረት እየወጋችሁ ፈትሹ፤ ብረቱ ከግንቡ ሥር ከገባ ባዶ አለ። ባዶውን በድንጋይና በሲሚንቶ ሙሉት፤ ከፊቱ በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ጠብቁት። የጋቢዮኑ ድንጋይ ከሽቦው ዓይን የሚበልጥ ይሁን፣ ግርጌውም ከወንዙ ወለል በታች ይቀበር። የውሃውን መተላለፊያ ግን አታጥብቡ። ከድልድዩ በታች አሸዋና ድንጋይ የሚያወጣ ካለ ዛሬውኑ ይቁም፤ ወለሉ ሲወርድ መሠረቱ ይራቆታል።

ጥያቄ (ከተንታ)፦ ልጆች ለትምህርት ቤት የሚሻገሩበት የባህር ዛፍ ድልድይ ቶሎ ቶሎ ይበሰብሳል።

መልስ፦ የሚበሰብሰው ጫፉ ነው፤ አፈር ላይ ስለተቀመጠ። ጫፎቹን በድንጋይ ግንብ ላይ፣ ከጎርፉ ምልክት በላይ አስቀምጡ፤ አየር ይዙራቸው። እንጨቱን ልጣችሁ አድርቁ፤ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ከላይ አፈር አትድፉበት፤ እርጥበት ይይዛል። መደገፊያ በሁለቱም ጎን ይኑር። በየዓመቱ መስከረም ላይ በመዶሻ እየመታችሁ አዳምጡ፤ ድምፁ የታፈነው እንጨት ይቀየር። የሚሻገሩት ወንዝ ስፋት ከ6 ሜትር ካለፈ ባህር ዛፉን ትታችሁ ወደ ወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።